ደብረ ብርሃን፦ ሁለት ድርጅቶች ሲካሰሱ የጤና ተማሪዎቹ የማን ናቸው?

የመነሻ ጽሑፍ

እህቴ ደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ የአንድ የግል ጤና ኮሌጅ ቅርንጫፍ የሚድዋይፈሪ 4ኛ ዓመት ተማሪ ናት። የኮሌጁ ዋና ግቢ አዲስ አበባ ነው። ቅርንጫፉን የሚያስተዳድረው ግን በውል የኮሌጁን ስም የሚጠቀም ሌላ ድርጅት ነው። ተማሪዎቹ ይህንን የሰሙት ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆነው ፍርድ ቤት ከቆሙ በኋላ ነው። ጠቡ የተነሳው ከተማሪ ክፍያ ለዋናው ኮሌጅ በሚደርሰው ድርሻ ነው። ከዚያ ዋናው ኮሌጅ ቅርንጫፉ የእኔ አይደለም ብሎ ደብዳቤ በተነ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሲጠየቅ፣ በመዝገቡ ያለው የሚድዋይፈሪ ፈቃድ ለአዲስ አበባው ግቢ የተሰጠ መሆኑን ገለጸ። ሆስፒታሉ የተግባር ልምምድ ስምምነቱን የፈረመው ከዋናው ኮሌጅ ጋር ስለነበር ተማሪዎቹን ከማዋለጃ ክፍል መለሳቸው። ቅርንጫፉ ከሰሰ፤ ዕግድም አወጣ። ዋናው ኮሌጅ በበኩሉ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ አቀረበ።

የተማሪዎቹ የውጤት መዝገብ ዋናው ግቢ ሬጅስትራር ውስጥ ተቆልፎበታል። ወደ ሌላ ኮሌጅ ለመዛወር ትራንስክሪፕት ሲጠይቁ ክርክሩ እስኪያልቅ ጠብቁ ይባላሉ። የወር ክፍያውን ግን ጠብቁ ያለ የለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ እነዚህ ልጆች በሕግ ፊት የማን ተማሪዎች ናቸው? በክሱ ወረቀት ላይ ከሳሽም ተከሳሽም አይደሉም። የሚነሱት በቁጥር ብቻ ነው፣ ያውም ገንዘቡ ሲሰላ። እኔ የማምነው ፍርዱን ደጅ ቆመው መጠበቅ እንደሌለባቸው፣ ችሎቱ ውስጥ ገብተው መደመጥ እንዳለባቸው ነው። መንገዱን የምታውቁ ንገሩን።

የመጡት መልሶች

ውይይቱ ስለረዘመና አዲስ የሚገቡ ወላጆች ያንኑ ጥያቄ ስለሚደግሙ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አሰባስቤዋለሁ።

1ኛ። ቀድማ የመለሰችው ደብረ ሲና የምትኖር እናት ናት። ልጇ በዚያው ቅርንጫፍ ፋርማሲ 3ኛ ዓመት ላይ ነው። ወንድሜ ብላ በትሕትና ካመሰገነችኝ በኋላ፣ ለዓመቱ ክፍያ ጥማድ በሬያቸውን እንደሸጡ፣ ልጁ አሁን ቤት ተቀምጦ የድሮ ማስታወሻውን እንደሚያገላብጥ ጻፈች። ልታውቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ የቀጣዩን ወር ክፍያ ትክፈል ወይስ ታቁም? ብታቆም ልጇ ራሱ አቋርጧል እንዳይባልባት ትሰጋለች።

2ኛ። ከአዲስ አበባ እንደሚጽፍ የገለጸ ሰው ጥፋቱን በወላጅ ላይ አደረገ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያላቸውን ተቋማት ዝርዝር እንደሚያወጣ፣ ልጁን ሳያጣራ የሚያስመዘግብ ወላጅ ኋላ ላይ የማልቀስ መብት እንደሌለው ነበር ያሰፈረው። አነጋገሩ ከረር ያለ ነበር፤ የደብረ ሲናዋን እናት ጽሑፍ አንብቦ እንዲህ መጻፉ አሳዝኖኛል።

3ኛ። መሐል ሜዳ የሚያስተምር መምህር ረጋ ብሎ አረመው። የዕውቅና ፈቃድ ለተቋሙ በጅምላ እንደማይሰጥ፣ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ግቢ ለየብቻ እንደሚሰጥ አስረዳ። አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በነርሲንግ ፈቃድ ስላለው ብቻ ደብረ ብርሃን ላይ ሚድዋይፈሪ ማስተማር አይችልም። ችግሩ፣ አለ መምህሩ፣ የመንዝ ገበሬ የሚያየው የተቋሙን ስም ነው። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ በሬድዮ ይነገራል፣ በሩ ላይ ተጽፏል። ሬጅስትራር ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፈቃድ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ነው፤ የግቢው ስም የሚጻፍበት መስመር በመስታወቱ ክፈፍ ተሸፍኗል። እሱ ራሱ የጎረቤት ልጅ ይዞ ሲሄድ ክፈፉን አስወርዶ እንዳየውና ልጅቷን ይዟት እንደተመለሰ ጻፈ። ይህን ማድረግ የቻለው መምህር ስለሆነ መሆኑንም አልካደም።

4ኛ። ከሁሉም ብዙ ያስተማረን መልስ ይህ ነው። ጸሐፊዋ በሌላ የግል ኮሌጅ ለዓመታት ሬጅስትራር ውስጥ የሠራች ሴት ናት። ጉዳዩን የምታየው ከወረቀቱ በኩል ነው። አንድ ተማሪ የተቋሙ ተማሪ መሆኑ የሚታወቀው በመታወቂያው ወይም በደንብ ልብሱ አይደለም። የተመዘገበበት መረጃ በተቋሙ በኩል ለባለሥልጣኑ መድረሱ ነው ወሳኙ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። ስሙ በተቋሙ ተልኮ ካልተመዘገበ ደግሞ ፈተናው ላይ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ወላጆች መጀመሪያ ማጣራት ያለባቸው ፍርድ ቤት ማን እንደሚረታ ሳይሆን፣ የልጃቸው ስም በየዓመቱ በማን ስምና በየትኛው ግቢ ሥር እንደተላከ ነው። ዋናው ኮሌጅ ስማቸውን በራሱ ግቢ ተማሪነት ልኮ ከሆነ፣ ዛሬ አላውቃቸውም ማለቱን የራሱ ሰነድ ያፈርስበታል።

ሦስት ነገር በእጃችሁ ያዙ አለች፦ የመግቢያ ደብዳቤ፣ በየመንፈቀ ዓመቱ የተሰጠ የውጤት ወረቀት፣ የክፍያ ደረሰኝ። ደረሰኙ ላይ ገንዘቡን ብቻ አትመልከቱ፤ ከላይ የታተመውን የድርጅት ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን አንብቡ ብላ አሳሰበች።

5ኛ። ይህን አንብቤ የእህቴን ደረሰኞች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው፤ ያየሁትንም ጻፍኩ። የ1ኛና የ2ኛ ዓመቱ ደረሰኝ በዋናው ኮሌጅ ስም የታተመ ነው፤ ክቡ ማኅተም ሐምራዊ ነው፣ መሐሉ ላይ አዲስ አበባ የሚል አለበት። ከ3ኛ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ወረቀቱ ያው ቀለም፣ ያው መጠን ሆኖ የመለያ ቁጥሩ ተቀይሯል፣ ማኅተሙም የሌላ ድርጅት ነው። የኮሌጁ ዓርማ ግን እንዳለ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋም ያችው ሴት ነበረች። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ሰልፍ ይዛ ከፍላ ስትወጣ ማኅተም ታነጻጽራለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ ከ2ኛው መልስ ሰጪ ጋር ይስማማል ማለት ነው። እኔ አልስማማም።

6ኛና 7ኛ። ሁለት ወላጆች የራሳቸውን ደረሰኝ አውጥተው ልክ እንደዚያው መሆኑን አረጋገጡ። አንደኛው ከእነዋሪ ነው፤ ሌላኛው ከአረርቲ።

8ኛ። ከአጣዬ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን የገባ ወጣት ሆስፒታሉን ክፉኛ ወቀሰ። ተማሪዎቹን የመለሷቸው ከዋናው ኮሌጅ ጋር እጅና ጓንት ስለሆኑ ነው፣ ለልምምድ የሚከፈለውን ገንዘብ ስለሚፈልጉ ነው አለ። ማስረጃ አላቀረበም። ንዴቱ ግን ይገባኛል፤ ቤቱ የተቃጠለበት ልጅ የተረፈው ትምህርቱ ነበር፣ አሁን እሱም ተንጠለጠለ።

9ኛ። በማዋለጃ ክፍል የምትሠራ ነርስ መለሰችለት። ወንድሜ ብላ ጀምራ ቁጣውን እንደምትረዳ ካስቀደመች በኋላ የሆስፒታሉን ወገን ተናገረች። ተማሪ ወላድ እናት ዘንድ የሚቀርበው በስምምነት ሰነድ ነው። ሰነዱ ላይ ስንት ተማሪ በየትኛው ክፍል እንደሚገባ፣ የኮሌጁ አሠልጣኝ አብሮ መገኘት እንዳለበት፣ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊው ማን እንደሆነ ተጽፏል። ፈራሚው ኮሌጅ ተማሪዎቹ የእኔ አይደሉም ብሎ ከጻፈ በኋላ አንዲት እናት ብትጎዳ መልስ የሚሰጥ የለም። በዚያ ላይ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፤ በአንድ አልጋ ዙሪያ ከሕመምተኛዋ ይልቅ ነጭ ጋዋን የሚበዛበት ቀን ብዙ ነው።

ከዚያ ስለ ሎግ ቡኩ ጻፈች። የሚድዋይፈሪ ተማሪ ያዋለደችውን እያንዳንዱን ወሊድ የምትመዘግብበት ደብተር ነው፤ ቀን፣ የእናቲቱ የካርድ ቁጥር፣ የሕፃኑ ክብደት፣ መጨረሻ ላይ የተቆጣጣሪዋ ፊርማ። ተማሪዎቹ የተመለሱ ዕለት አንዲት ልጅ ማታ ያዋለደቻቸውን ሁለት ወሊዶች ልታስፈርም ደብተሩን ይዛ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመች፣ እሷም ወሊዶቹን በዓይኗ ስላየች እንደፈረመችላት፣ ማኅተም የሚያደርገው ቢሮ ግን እንዳልተቀበለው ነገረችን። እነዚያ ሁለት መስመሮች ዛሬም ያለ ማኅተም ናቸው። ያልተማኅተመ መስመር ደግሞ በሌላ ኮሌጅ አይቆጠርም።

10ኛ። የአጣዬው ወጣት ይቅርታ ጠየቃት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ዓይነት ውይይት ብዙም አላየሁምና ሁለቱንም አመሰግናለሁ።

11ኛ። ጠበቃ ነኝ ያለ ሰው ገባ፤ ውይይቱ ከዚህ በኋላ አቅጣጫ ያዘ። የጠየቅኩትን በቀጥታ መለሰ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 41፣ በሌሎች ሰዎች ክርክር ጥቅሜ ይነካል የሚል ሰው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ጣልቃ ገብቶ እንዲከራከር ይፈቅዳል። ተማሪዎቹ ይህን ለማድረግ የማንንም ወገን መያዝ የለባቸውም። ገንዘቡ ለማን ይገባል በሚለው ላይ ቃል ሳይተነፍሱ፣ የውጤት መዝገባችን ይሰጠን፣ ክርክሩ እስኪያበቃ ለፍርድ ቤቱ ይቅረብ፣ የፈተና ምዝገባችን አይቋረጥ ብለው ብቻ መጠየቅ ይችላሉ። ብዙ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው መመላለስ አይኖርባቸውም፤ አንቀጽ 38 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በፍርድ ቤቱ ፈቃድ በጥቂት ሰዎች እንዲወከሉ መንገድ ይሰጣል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘትን መብት ለግለሰብ ብቻ ሳይሆን ተመሳሳይ ጥቅም ላለው ቡድንም ያውቃል።

ፍርዱ ቀድሞ ቢሰጥስ? ያኔም በሩ ጨርሶ አይዘጋም። አንቀጽ 358፣ ተከራካሪ መሆን ሲገባው ወይም ሲችል ያልተካተተና በፍርዱ ጥቅሙ የተነካ ሰው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቃወሚያ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ጠበቃው ግን ይህን የመጨረሻ መውጫ እንጂ ዕቅድ አታድርጉት ሲል አስጠነቀቀ። የተፈጸመ ፍርድ ላይ የሚቀርብ መቃወሚያ የለምና።

12ኛ። ሰላ ድንጋይ የተወለደ፣ አሁን አዲስ አበባ በንግድ ሥራ የሚተዳደር ሰው ተስፋ አስቆራጭ ነገር ጻፈ። የአጎቱ ልጅ ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ ተመሳሳይ ነገር ገጥሟት፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ ሰልችቷት ትታው፣ ሌላ ኮሌጅ ከ2ኛ ዓመት እንደገና ጀምራ ዛሬ ሥራ ላይ እንዳለች ተረከ። ፍርድ ቤት ደጅ መጥናት ለልጆቹ ዕድሜ ማቃጠል ነው የሚል አቋም አለው። ደግሞም ገንዘብ ማስመለሱ በሁለት ዓመት ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ስለሚታገድ ለ4ኛ ዓመቶቹ ጊዜው አልፏል አለ።

13ኛ። ጠበቃው የመጨረሻውን ነጥብ ጠንከር ባለ ቃል አረመ። ሁለት ዓመቱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የተቀመጠ ነው። የተማሪውና የኮሌጁ ግንኙነት ውል ነው፤ ለውል በአንቀጽ 1845 የተደነገገው ጠቅላላ ይርጋ 10 ዓመት ነው። የማያውቁትን ሕግ ለተጨነቀ ወላጅ መንገር ጉዳት ማድረስ ነው ብሎ ዘጋው። ቃሉ ከበድ ይላል፤ ግን ከዚያ በፊት ሦስት ወላጆች ከ12ኛው መልስ ሥር ተስፋ መቁረጣቸውን ጽፈው ነበርና አስፈላጊ ነበር።

14ኛ። ነጋዴው እርማቱን ተቀበለ፤ የአጎቱ ልጅ ታሪክ ግን እውነት መሆኑንና ከፍርድ ቤት ይልቅ መዛወርን መምከሩን እንደማይተው አሳወቀ። እኔ የማየው እንዲህ ነው፤ ሁለቱ አይጋጩም። ለመዛወር ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል፤ ትራንስክሪፕቱ ያለው ደግሞ ክሱ ውስጥ ነው።

15ኛ። ለከፍተኛ ትምህርት ሕንድ የቆየ የዩኒቨርሲቲ መምህር የዚያን አገር ልምድ አመጣ። ሕንድ ውስጥ የግል የሕክምና ኮሌጅ ለመክፈት የሚያመለክት ባለሀብት ከክፍለ ግዛቱ መንግሥት የአስፈላጊነት ምስክር ወረቀት ማምጣት አለበት። በዚያ ወረቀት ላይ ክፍለ ግዛቱ ግዴታ ይገባል፦ ኮሌጁ መስፈርቱን ሳያሟላ ቀርቶ አዲስ ተማሪ እንዳይቀበል ቢታገድ፣ ቀድሞ ለገቡት ተማሪዎች ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል። በፈረንጆቹ 2022 በቴላንጋና ክፍለ ግዛት የሦስት የግል ኮሌጆች ፈቃድ ሲነሳ ተማሪዎቹ ወደ ሌሎች ኮሌጆች ተደልድለዋል። መምህሩ ሕንድ ችግር የለባትም አላለም። የሕክምና ምክር ቤቱ በሙስና ስሙ ጠፍቶ በ2020 በሌላ ኮሚሽን እስከመተካት ደርሷል፣ ተማሪዎችም በየፍርድ ቤቱ ይንገላታሉ። ቢሆንም ተማሪውን ማን ይረከበዋል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ኮሌጁ በሩን ከመክፈቱ በፊት ነው።

ከመልሶቹ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ፈቃድ ሲሰጥ ሕንፃው ይለካል፣ መጽሐፍ ይቆጠራል፣ የመምህራን ማስረጃ ይታያል። ነገሩ ቢበላሽ ልጆቹን የሚረከበው ተቋም ግን በስሙ ተጠርቶ አይፈርምም። ለምን አይፈርምም? አንድ ሆስፒታል፣ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ሌላ ኮሌጅ ተረካቢ ሆኖ በጽሑፍ ካልቀረበ ቅርንጫፍ አይከፈትም ቢባል የሚጎዳው ማን ነው?

16ኛ። አንድ ሰው የሕንድ ነገር ለእኛ አይሆንም፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ተማሪ ማብላት አቅቷቸዋል ሲል ተቃወመ። የተናገረው ችግር እውነት ነው።

17ኛ። የቀድሞዋ የሬጅስትራር ሠራተኛ ተመልሳ፣ መረከብ ማለት ማደሪያና ምግብ መስጠት ሳይሆን መዝገቡን ተቀብሎ ማስፈተንና ማስመረቅ እንደሆነ፣ ለዚህ ደግሞ በጀት ሳይሆን ሥልጣን ያለው ደብዳቤ እንደሚበቃ መለሰች።

18ኛ። እዚህ ላይ ውይይቱ ከመንገዱ ወጣ። አንድ ጸሐፊ የግል ኮሌጆች በሙሉ ይዘጉ አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ በ2015 ዓ.ም. በተሰጠው የመጀመሪያው የመውጫ ፈተናም ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17 ከመቶ ገደማ እንደነበሩ ጠቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ ከእነዚህ ኮሌጆች የሚወጣ ሰው እናቴን እንዲነካ አልፈልግም ወደ ማለት ሄደ።

19ኛ። ከባድ ስድብ ነበር፤ አላሰፍረውም።

20ኛ። የግል ኮሌጅ ምሩቅ የሆነች ሚድዋይፍ ግን ሳትሳደብ መለሰች። የምትሠራው በሞረትና ጅሩ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ቁጥሮቹን አልካደችም፤ የመውጫ ፈተናው መምጣቱንም ትደግፋለች። ፈተናውን ያለፈና የጤና ሚኒስቴርን የሙያ ፈቃድ ምዘና ያለፈ ሰው ከየት እንደመጣ ሳይሆን ምን እንደሚችል ይጠየቅ አለች። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ሆኖ አምቡላንስ ሳይደርስ ሲቀር፣ ደም የሚፈስሳትን እናት ማኅፀን በእጇ እያሸች ደሙ እስኪቆም ሌሊቱን ማሳለፏን፣ በዚያ ሰዓት የትኛው ኮሌጅ ተማርሽ ብሎ የጠየቃት እንዳልነበር ጻፈች። ቀጥላም ወደ ጉዳዩ መለሰችን፦ ደካማ ኮሌጅ ይዘጋ፣ ግን የሚዘጋው ልጆቹ ላይ አይሁን።

21ኛ። የ18ኛው ጸሐፊ ዝም አለ። በእሱ ፋንታ የመሐል ሜዳው መምህር፣ የመውጫ ፈተናውን ዝቅተኛ ውጤት እንደ ማስረጃ የሚያነሳ ሰው ተግባር ልምምድ የተከለከለ ተማሪ እንዴት ሊያልፍ እንደሚችልም ያስብ ሲል አከለ።

22ኛና 23ኛ። አንድ አባት ስለ ዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ካምፓስ አንስተው፣ ስሙ የተሰየመላቸውን ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስን አስታወሱን። ኤድንብራ ተምረው የመጡ የቀዶ ሕክምና ሊቅ እንደነበሩ፣ በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተባረሩት 42 መምህራን አንዱ እንደነበሩ ጻፉ። ደግ ማስታወሻ ነው። ነገሩ ወደ ፖለቲካ ሊያመራ ሲል ግን አንዲት ተማሪ፣ አባቴ እርስዎን አከብራለሁ ብላ፣ እኛ የፊታችን ወር ምን እንደምንሆን አናውቅምና ወደ ጉዳያችን እንመለስ ስትል ለመነች። እሳቸውም ልክ ነሽ ልጄ ብለው አቆሙ።

24ኛ። በቅርንጫፉ ያስተምር እንደነበረ የገለጸ ሰው የዚያኛውን ወገን አስረዳ። ዋናው ኮሌጅ በየተማሪው ድርሻውን ሲወስድ አንድም ቀን ቤተ ሙከራ እንዳልጎበኘ፣ ፈቃዱን በዚህ ግቢ ስም ለማውጣት የገባውን ቃል ዛሬ ነገ እያለ እንዳላደረገው ገለጸ። መምህራኑም የወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም።

25ኛ። ወላጆች ተቆጡ። ይህን ሁሉ እያወቅክ ክፍል ገብተህ ስታስተምር ለምን ለልጆቹ አልነገርካቸውም የሚለው ጥያቄ ከአራት ሰዎች መጣ። አንዱ ከአንተ ወደ አንቱ ተሻግሮ በንቀት መልክ ጻፈበት። መምህሩ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው መሆኑን ብቻ መለሰ። እኔ ጥያቄው ትክክል ነው እላለሁ። ነገር ግን ደብዳቤዎቹን በእጁ ያየ ምስክር ነው፤ ብናባርረው የሚጎዱት ተማሪዎቹ ናቸው። ይህንኑ ጽፌ፣ ችሎት ቀርቦ ይመሰክር እንደሆነ በግልጽ ጠየቅኩት። እመሰክራለሁ አለ።

26ኛ። የ1ኛዋ እናት ስለ ወር ክፍያው ላነሳችው ጥያቄ ጠበቃው መልስ ሰጠ። አቋርጧል እንዳይባል ዝም ብሎ ከመቅረት፣ ትምህርት እየተሰጠን አይደለም፣ ሲጀመር እንከፍላለን የሚል ደብዳቤ ለሁለቱም ወገኖች ጽፎ፣ የተቀባዩን ፊርማ በግልባጩ ላይ ማስቀረት ይሻላል። አልቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላክ።

27ኛ። አንዲት ወላጅ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እናመልክት አለች። ጠበቃው፣ ተቋሙ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ የመመርመር ሥልጣን እንደሌለው ነገራት። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ወላጆቹ ለጻፉለት ደብዳቤ መልስ አለመስጠቱ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት መጀመሪያ እዚያው ቅሬታ ቀርቦ፣ ካልተፈታ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊወሰድ ይችላል።

28ኛ። ከተማሪዎቹ ተወካዮች አንዷ ጻፈች። የጣልቃ ገብነት አቤቱታውን አስገብተዋል፤ ፍርድ ቤቱም ተቀብሎ ሁለቱም ወገኖች አስተያየት እንዲሰጡበት አዟል። ዋናው ኮሌጅ ተማሪዎቹ በውሉ ውስጥ የሉበትም ብሎ ይቃወማል ብለው ይጠብቃሉ። ለዚህ የ1ኛና የ2ኛ ዓመት ደረሰኞች በዋናው ማኅተም ያስፈልጓቸዋል። የእህቴን ደረሰኞች ዛሬውኑ ሰጥቻታለሁ፤ የእነዋሪውና የአረርቲው ወላጆችም ልከዋል።

29ኛ። ስለ ወጪ የጠየቁ ነበሩ። ጠበቃው፣ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ከቀበሌያቸው የድህነት ማረጋገጫ ይዘው፣ ሳይከፍሉ እንዲከራከሩ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ እንደሚችሉ ገለጸ። ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ መጽደቅ አለበት፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ ስምና ፊርማ ብቻ አይበቃም። ከአዲስ አበባ መንገድ ሲዘጋ ለመምጣት የሚቸገሩ ተማሪዎች ባሉበት አካባቢ አጽድቀው መላክ ይችላሉ። የ3ኛ ዓመቶቹም በዚሁ አቤቱታ ሊካተቱ ይችላሉ፤ ለብቻቸው ሌላ መዝገብ መክፈት አይጠበቅባቸውም። ደረሰኝ የጠፋበት ተማሪ ከባንክ የተላከበትን ማረጋገጫ ያውጣ፤ በባንክ የከፈለ ሰው የሒሳብ መግለጫው ላይ የተቀባዩ ድርጅት ስም አለ።

30ኛ። ተወካይዋ ሰነድ የሚሰበሰብበትን ቦታ አሳወቀች፤ ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ዋናውን ይዛችሁ ኑ፣ ኮፒው እዚያው ይነሳል፣ ዋናው ለባለቤቱ ይመለሳል ብላለች። ሎግ ቡክ ያላችሁ ሚድዋይፈሪና ነርሲንግ ተማሪዎች እሱንም አትርሱ፤ ያልተማኅተሙት ገጾች ተለይተው ይዘረዘራሉ፣ የፈረመችው ነርስም ፊርማው የእሷ መሆኑን በጽሑፍ ልታረጋግጥ ተስማምታለች።